ያልተቃጠለው አምፕሊፋየር

ልጄ፣

አምፕሊፋየሩ አልተቃጠለም።

ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው። ሌላውን ካስቀደምኩ ወደዚህ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቃል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ለፋሲካ መጥተሽ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያንን ፎቶ ስታወርጂ "አባዬ፣ ይሄ ጎፈሬያም አንተ ነህ?" ብለሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ቀጥለሽ "ታዲያ ባንዱን ለምን ተዋችሁት?" አልሽኝ። "አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ" አልኩሽ፤ የጊታራችን ድምፅ ማጉያ። ለ24 ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ምላሴ ለምዶታል። አንቺ ግን "ወይኔ አባዬን!" ብለሽ ከንፈርሽን መጠጥሽልኝ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ኔትወርኩ ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር አንዱን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ይሄ ደብዳቤ መንገዱ ሲቀና በሰው እጅ ይደርስሻል። ከደብዳቤው ጋር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፣ አሁን አትክፈቺው። ከፍተሽዋል አይደል?

እንግዲህ ስሚ።

አራት ነበርን። ቤዝ ጊታር መቺው (ቤዙ እንለዋለን)፣ ከበሮ መቺው ድራመሩ፣ ዘፋኙና ጊታር መቺው እኔ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁሉም ዛሬ የልጆች አባት ናቸው፣ እኔን ፈልገው አላስቸገሩኝም፣ እኔም አላስቸግራቸውም። የባንዱን ስም ደግሞ ብትገርፊኝ አልነግርሽም። እንግሊዝኛ ነበር፣ ፊደሉም ተሳስቷል።

ሙዚቃው የመጣብን በጣና በኩል ነው። ቤዙ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ፈረንጅ እያጀበ ወደ ዘጌ ገዳማት ይሄድ ነበር፤ ማስጎብኘት ይባላል እንጂ እሱ ዋና ሥራው ቦርሳ መሸከም ነው። አንድ ቀን አንዱ ፈረንጅ ጉርሻ ብሎ ካሴት ሰጠው። ብር ጠብቆ ካሴት ሲያገኝ እንዴት እንደተናደደ! ላዩ ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈው ውሃ ነክቶት ጠፍቷል። የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ክፍል መጥተን ቴፑ ውስጥ ከተትነው።

መጀመሪያ ዝናብ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ደወል። የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከሩቅ። ቤዙ አማተበ። ከዚያ ጊታሩ ገባ፣ ልጄ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ታመመ በሬ እየተጎተተ። እኔም "ባትሪው እያለቀ ነው" አልኩ። ያኔ ባትሪ ሲደክም ዘፈኑ እንደዚያ ይጎተታል። ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ያው ነው። ከሱቅ አዲስ ገዛን። አሁንም ያው! የዚያን ቀን ማታ ነው እንደዚያ ብለው አስበውበት የሚጫወቱ ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ የገባን። ዘፋኙንም "ባትሪ የጨረሰው" አልነው። በኋላ ስሙ ኦዚ ኦዝበርን መሆኑን ብናውቅም ለእኛ እስከ መጨረሻው ባትሪ የጨረሰው ነው።

የኦዚ ባንድ ስም ብላክ ሳባዝ ነው፣ ሲተረጎም ጥቁር ሰንበት። ጎጃም ውስጥ ተቀምጠሽ "የምወደው ባንድ ጥቁር ሰንበት ይባላል" ብለሽ ለሰው ስትናገሪ አስቢው። እኛም ለማንም አልተናገርንም። "ሜታል ነው የምንሠራው" ብቻ ነበር የምንለው፣ የሙዚቃው ዓይነት ስም ነው፣ ትርጉሙ ብረት፤ አያትሽ ይህንን ስትሰማ "እሰይ፣ ብረታ ብረት ቤት ገባህ?" ብላ ደስታዋ ለጎረቤት ሁሉ ተዳረሰ።

ታሪካቸውን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። በርሚንግሃም የምትባል የፋብሪካ ከተማ ልጆች ናቸው፣ አራት፣ እንደኛው። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን፣ ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደበት። እሱ ደግሞ ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። አለቀለት ትያለሽ። ሰውየው ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። ክር ሲጫን ስለሚያመው ቀጫጭን ክር አደረገ፣ ቆይቶም ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። ያ ከባድ፣ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ከዚያ ይመጣል። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በእኛ የካቲት 6 ቀን 1962 ነው። የቀዱት በአንድ ቀን ነው፤ እኛ አንድ ዘፈን ለመለማመድ ሦስት ወር ፈጅቶብናል።

የፋብሪካው ነገር ለድራመሩ በተለይ ይገባዋል። አባቱ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ምሳ ሲያደርስላቸው ከግንቡ ውጭ ቆሞ የሽመና ማሽኖቹን ይሰማ ነበር፤ መቶ ማሽን ባንዴ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ እየቀደመ። "ያንን ነው የምመታው" ይላል። ሌላ ከበሮ የተማረበት ቦታ የለውም። ዘፋኙ ደግሞ ከቢቸና በኩል ነው፣ የቅኔ ተማሪ ነበር፣ ቆሎ ለምኖ ያደገ። ከቅኔ ቤት ለምን እንደወጣ ተናግሮ አያውቅም። ድምፁ ግን የፉከራ ድምፅ ነው። "ዘራፍ!" ብሎ ሲነሳ ሜታል የሚጮኸውን ፈረንጅ ሁሉ ያስንቃል፤ ይህንን ስልሽ ጓደኝነት ይዞኝ አይደለም።

ጊታሬ የደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ንብረት የነበረ ነው። ክር አልነበረውም። አንዳንዱን ክር ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ እየፈታን ነው ያሰርነው፤ ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ስለሆነ የፍሬን ሽቦ አልቸገረንም። ጣቴ ይደማ ነበር። አዮሚን ባውቅ ኖሮ ያኔ ቆብ እሠራ ነበር።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ። ከሐምሌ 1992 ጀምሮ በየሳምንቱ 30፣ 30 ብር እናዋጣ ነበር። እቁብ እንለዋለን፤ ግን እጣ የለውም፣ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለአምፕሊፋየሩ ነው። ቤዙ ከጉርሻው፣ ድራመሩ ከአናጢ ቤት ቀን ሥራው፣ ዘፋኙ ከየት እንደሚያመጣ እንጃ፣ እኔ ሬድዮ ከመጠገን። 20 ሳምንት ሞላ። 2,400 ብር። ኅዳር ላይ ከአንድ የሆቴል ባንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር ገዛን። ከብዶን ለአራት በጋሪ ጭነነው ስናመጣ እንደ ሙሽራ ነበር የምናጅበው።

ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን መሣሪያ፣ ግን መግዛት የማይታሰብ ነው። እሱን እኔ ሠራሁት። አሁን ይህንን በደንብ አንብቢ፤ ኢንጂነሪንግ እየተማርሽ "አባዬ ሬድዮ ጠጋኝ ነው" እያልሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ። እኔም ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማርኩት፣ ያ ሩሲያውያን በ1955 አግዘው የከፈቱት። የጊታር ድምፅ ሽቦ ውስጥ ሲገባ ሞገድ ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ በትራንዚስተር ታጎዪዋለሽ። ከዚያ ሁለት ዳዮድ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አድርገሽ ወደ መሬት ታስሪያለሽ። ሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ሲደርስ በሩን ይከፍታል፤ ከዚያ በላይ የመጣው የሞገዱ ጫፍ በእሱ በኩል ፈስሶ ይቀራል። ተራራ የነበረው ሞገድ አናቱ ተቆርጦ አምባ ይሆናል። ያ የተቆረጠ አናት ነው የሚያጉረመርመው። አለቀ። ሜታል ማለት ይሄ ነው። ዳዮዶቹን ከሞተ ሬድዮ ነቀልኳቸው፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሰጠሁት፣ ሁሉንም የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩት። ፔዳል በእግር ነው የሚረገጠው ይላሉ። የሳሙና ማስቀመጫ ቢረገጥ ይሰበራላ! ስለዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቤዙ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይከፍትልኛል።

የምንለማመደው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። መቼ ያባርሩናል እያልን በሰቀቀን ነበር። አንድ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው አየናቸው። ድራመሩ እንጨቶቹን ወንበር ሥር ደበቀ፣ እንደ ሌባ። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም። ወደ ሳሙና ማስቀመጫው ጠቁመው "ያ የሚያጉረመርመው እሱ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ክፈተው እስቲ።" ከፈትኩ። "ዝጋው።" ዘጋሁ። ሦስት ጊዜ አስከፍተው አስዘጉኝና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ነገ ዕቃችሁን አውጡ ሊሉን ነው ስንል በገናቸውን ይዘው ተመለሱ።

በገና አይተሽ ታውቂ ይሆናል እንጂ ቀርበሽ ነክተሽ አታውቂም። አሥር ክር አለው፣ ክሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። ክሩ ከሚያርፍበት ድልድይ ላይ በየክሩ ሥር ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ እንዚራ ይሏታል። መሪጌታው አንዷን እንዚራ ሳብ አድርገው አወጧትና ክሩን መቱት። ጥብ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ እንደ ማንኛውም ክር። መልሰው ወሸቋትና መቱት። ንብ ቀፎ ውስጥ እንደገባች አጉረመረመ። ቤቱ በሙሉ አጉረመረመ። "የእኛም እንዲህ ነው" አሉ። "ጥርት ያለ ድምፅማ ምን ይሠራል፣ ጆሮ ላይ ይቀራል።"

ልጄ፣ እኔ ዳዮድ ነቅዬ፣ ቆርቆሮ አቅልጬ፣ ከፈረንጅ አገር መጣ ያልኩት ነገር ድልድዩ ላይ በቆዳ ተሠርቶ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ያን ማታ አልተለማመድንም። እሳቸው ሲደረድሩ አመሸን። ሲሄዱ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው "በሁዳዴ እንዳልሰማችሁ" አሉን። 55 ቀን። አንድ ቀን ሳናጓድል ዝም አልን። የባንዱን ስም ግን አልነገርናቸውም፤ የካሴቱ ባንድ ጥቁር ሰንበት እንደሚባልማ ጨርሶ።

በጠቅላላው ሰው ፊት የቀረብነው አንድ ጊዜ ተኩል ነው።

ግማሹ ሠርግ ነው። ጥር 1993፣ ዳንግላ አካባቢ፣ የቤዙ የአክስት ልጅ ሲያገባ። ቤዙ "ዘመናዊ ባንድ አለን" ብሎ አስማምቷል። እኛም አስበንበት ሄድን፤ አንቺሆዬ እንጫወታለን አልን። አንቺሆዬ የሠርግ ቅኝት ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። ግን ከአራቱ ቅኝት እንደ እሱ ለሜታል የሚመች የለም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ድምፅ ተጠጋግተው ይቧጨራሉ፤ ከመጀመሪያው ወደ አራተኛው ያለው ርቀት ደግሞ ፈረንጆቹ ድሮ የዲያብሎስ ድምፅ የሚሉት ነው፣ ያ ካሴቱ ላይ ከደወሉ ቀጥሎ የሚገባው። እኛ አገር ሙሽራ እናስገባበታለን።

ዳሱ ሞልቷል። መብራቱ ከጀነሬተር ነው። ቤዙ ጎንበስ ብሎ የሳሙና ማስቀመጫዋን ከፈታት። እኔ ክሩን ባንዴ ወረድኩበት። ዱውውውም።

የጀነሬተሩ ባለቤት ከውጭ እየሮጠ ገባ። "ተቃጠለ! ተቃጠለ! ራቁ!" ገመዱን ነቅሎ ጣለው። እኛ "አልተቃጠለም፣ እንደዚህ ነው!" ብንል ማን ይሰማናል፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንስተው ወጥተዋል፣ አንዲት እናት "በስመ አብ" ይላሉ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ደግሞ ጀግና ነኝ ብሎ በጣሳ የያዘውን ጠላ ስፒከሩ ላይ ገለበጠበት። ገመዱ መነቀሉ በጀን። ከዚያ አዝማሪ ተጠራ፣ ማሲንቆውን ይዞ ገባ፣ ሠርጉ ደመቀ። ግማሽ ሂሳብ ከፍለው ጥሩ ቅልጥም አብልተው ሸኙን። የስፒከሩ ጨርቅ ላይ ግን የጠላው እድፍ አልለቀቀም፤ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ፣ የጣና ካርታ ይመስላል። እድፉን አስታውሺልኝ።

ሙሉው ሰኔ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር፣ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለመዝጊያ ፕሮግራም። በሁለተኛው ዘፈን መካከል መብራት ሄደ። ጊታሩ ሞተ፣ ቤዝ ጊታሩ ሞተ፣ ማይኩ ሞተ። ድራመሩ ግን አላቆመም። ጨለማው ውስጥ የጨርቃ ጨርቁን ማሽን ይመታል። ተማሪው በጭብጨባ ገባለት። ዘፋኙ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ያለ ማይክ እዚያው የፈጠራትን ስንኝ ለቀቃት፦

መብራት ሄደች አሉኝ ገና በምሽቱ፣
እንዴት ብዬ ልደር ጨልሞብኝ ቤቱ።

መብራት የምትባል ልጅ አዳራሹ ውስጥ ነበረች መሰለኝ፣ በአንድ ጥግ ጩኸቱ ለየት ብሎ ፈነዳ። ከዚያ "ዘራፍ!" ብሎ ወደ ፉከራው ገባ፣ አንድ ሁለት ሦስት መቶ ልጅ በጨለማ ውስጥ እግሩን መሬት ላይ እየመታ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ የሞተ ጊታር ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ጨለማ ስለሆነ ማንም አያየኝም። ብዙ ጊዜ ሜታል በመብራት የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያ ፎቶ የዚያን ቀን ነው፣ መብራት ሳይሄድ በፊት። ፀጉራችንን እንደ እነ ኦዚ ልናሳድግ ሞክረን ነበር። የእኛ ፀጉር ወደ ታች አይወርድ፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አራታችንም ጎፈሬያችንን ስንወዘውዝ ከሩቅ ላየን እስክስታው የጠፋበት ሰው ነው የምንመስለው።

እንግዲህ ደረስኩ።

ሐምሌ 1993። አምፕሊፋየሩ የሚያድረው እኔ ጋ ነው። ከገበያው ዳር አንድ ጠባብ ሱቅ ተለቀቀች፣ ለሬድዮ ጥገና የምትመች፣ የመንገድ ፊት። ኪራይዋ በወር 150 ብር ነው፣ ባለቤቱ ግን የስድስት ወር ባንዴ ካልከፈልክ አለ። 900 ብር። መለኪያና መሣሪያ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እናትሽን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ እያሰብኩ ነው። ሥራው ምንድን ነው ሲሉኝ ሜታል እሠራለሁ ልበል? ምክንያት እየደረደርኩልሽ እንደሆነ ይታወቀኛል። የታመመ ሰው አልነበረም። የተራበ ሰው አልነበረም። ሱቋን ፈለግኳት፣ በቃ።

አንድ ነጋዴ መጥቶ 1,900 ብር ሰጠኝ፤ አምፕሊፋየሩን በሌሊት ጭኖ ሄደ።

በማግስቱ ሦስቱ ለልምምድ መጡ። "ተቃጠለ" አልኳቸው። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ስለ እኛ የሚለው እሱን ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ሳጥኑ የት ሄደ ሲሉ ለጥገና ከተማ መካከል ላለ ጠጋኝ ሰጠሁት፣ አይሠራም አለ፣ ለዕቃ አስቀረው አልኩ። ማስረጃ ብዬ ደግሞ ከአንድ አሮጌ ሬድዮ የነቀልኩትን የተቃጠለ ትራንስፎርመር አወጣሁላቸው። ዕቃው መጠኑ እንኳ አይመስልም። ዘፋኙ ዝም አለ። ቤዙ ተሳደበ፣ ማንን እንደሆነ ሳይታወቅ። ድራመሩ ትራንስፎርመሩን ተቀብሎ አሸተተው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ታውቂዋለሽ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሽው። መልሶ ሰጠኝና ኪሱን ዳብሶ 40 ብር አወጣ። የአናጢ ቤት የቀን ሥራው ስንት ቀን እንደሆነ አስቢው።

"ሽቦ ግዛበትና እንደገና ጠቅልለው" አለኝ። "አንተ ታውቅበታለህ።"

ተቀበልኩት።

አምፕሊፋየሩን ለምን እንደሸጥኩት ለራሴ አስረድቼ አውቃለሁ። 40 ብሩን ለምን እንደተቀበልኩ ግን አንድም ቀን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። እምቢ ብል ይጠረጥራሉ ብዬ ይሆን? እጄ ዝም ብሎ ነው የተዘረጋው።

ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታ ነበር፣ ልምምድ አልነበረም። ዘፋኙ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ቤዙ አገር ለቆ ወጣ፣ ድራመሩ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ሱቄን ከፈትኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ፣ አንቺ መጣሽ። ባንዱ እንዲህ ነው ያለቀው፤ ከኅዳር እስከ ሐምሌ፣ 55 ቀኑ ዝምታ።

አምፕሊፋየሩን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ደርሼ ስመለስ አንድ ዳስ ውስጥ እስክስታ ይመታል። አልፌ ልሄድ ስል የስፒከሩ ጨርቅ ላይ፣ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ፣ ጣና። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አልሆነም። ውሃ ጠጥቼ ሄድኩ።

ጃኖ ባንድ ሲመጣ፣ ያ በከባድ ጊታር አማርኛ የሚጫወተው፣ ከእኛ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ከፍቼ ደንበኛው ሁሉ "ሬድዮህ ተበላሸ እንዴ?" ሲለኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። አንቺም በስልክሽ እነዚያን የቦትስዋና ልጆች፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ቆዳ ለብሰው ሜታል የሚጫወቱትን ስታሳዪኝ "ያበዱ ናቸው" ብዬ ስልኩን መለስኩልሽ። ከዚያ ማታ ስትተኚ ወስጄ አራት ጊዜ አየሁት።

አሁን ለምን ጻፍኩልሽ። ሐምሌ 15 ማታ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሞተ" አለኝ።

"ማን ነው?"

"ባትሪ የጨረሰው።"

ድራመሩ ነው። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። ኦዚ ሰኔ 28 እዚያው ያደገባት በርሚንግሃም ውስጥ ከእነ አዮሚ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ዘፍኖ ነበር፣ መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ከዚያ በ17 ቀኑ ሞተ፣ 76 ዓመቱ ነው። ስለ እሱ ብዙ አወራን። ስለ መሪጌታው፣ ስለ ጠላው። ሳቅን። ሊዘጋው ሲል "ያ ትራንስፎርመር ባይቃጠል እኮ..." አለና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ደህና እደር ተባባልን።

በዛሬ ዋጋ ስንት ይሆናል ብዬ ካልኩሌተር ይዤ አመሸሁ። እናትሽ መጥታ "የማን ዕዳ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ሽማግሌውንም ሱቁንም። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ስለ 1,900ው አንድም ነገር አላለችም። "40 ብሩን ደግሞ ተቀበልክ?" አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። ጠዋት ላይ ግን ፌስታሉን የጠቀለለችው እሷ ናት።

ውስጡ ያለው የሳሙና ማስቀመጫው ነው። አልሸጥኩትም፤ እሱ የማንም ድርሻ አልነበረበትም ብዬ ይሆናል። ከሱ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ፣ ለድራመሩ ነው፣ ላንቺ የጻፍኩትን ለእሱም ጽፌዋለሁ፣ በአጭሩ። ገንዘብም አለበት፤ ስንት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አይበቃም። ኮተቤ በኩል የእንጨት ሥራ ቤት አለው፣ ቁጥሩን እናትሽ ትልክልሻለች። "ጋሼ" በዪው፣ ልጅነትሽን አይተሽ አፍሪ፣ እጅ ንሺ። ካነበበ በኋላ ምን እንዳለ ባትነግሪኝም ግድ የለም። ካልነገርሽኝ ግን እደውላለሁ።

ባትሪውን አውጥቼዋለሁ፣ ሲቆይ እየፈሰሰ ሽቦውን ይበላል። ከመስጠትሽ በፊት አዲስ ባለ 9 ቮልት ገዝተሽ አስገቢበት። ርካሹን እንዳትገዢ፤ ኋላ ባትሪው እያለቀ ነው ብሎ ይስቅብኛል።

አባትሽ